የጥሩዬ ድንች በየኮምፒውተሩ

እሑድ
ድምፁ ይሰማል፣ ምስሉ ጥቁር ነው። ሮብ ገበያ በምትባለው ቀበሌ፣ በሴቶች ማኅበሩ ኮምፒውተር ላይ፣ ጥሩዬ ስለ ዘር ድንቿ ስታስረዳ ተሰማች እንጂ አልታየችም። ጎረቤቷ ይታይሽ አላለፈቻትም፤ «ጥሩዬ፣ ቴሌቪዥን ብለሽ ሬዲዮ ገባሽ?» አዳራሹ ሳቀ። ጥሩዬ ነጠላዋን አስተካከለች።

ጥሩዬ ዘር ድንቿን ጨለማ ውስጥ አትከምርም፤ ብርሃን በሚገባበት መደርደሪያ ላይ ትዘረጋዋለች። ድንቹ አረንጓዴ ሲሆን ሰፈሩ «አበላሸችው» ይላል። ጉንቁሉ ግን አጭርና ብርቱ ነው፤ ሲተከል አይሰበርም። ያንን በዓይናቸው እንዲያዩ ነው የቀረጽኳት። ሮብ፣ በገበያ ቀን፣ የየቀበሌው ሴቶች ቪዲዮውን ከጋዜጣችን ድረ ገጽ ከፍተው ያዩና መደርደሪያ ይሥሩ አይሥሩ ይወስናሉ። ኮምፒውተሬን ተሸክሜ ሁሉም ጋ አልደርስም።

ሰኞ፣ ደብረ ማርቆስ
ጥፋቱ የጋዜጠኛ ልማዴ ነው። ጋዜጣ አንዴ ከታተመ ለሁሉም አንባቢ ያው ነው። ቪዲዮውንም በራሴ ኮምፒውተር አየሁት፣ አማረኝ፣ ለቀቅሁት።

ኮምፒውተር ጠጋኙ ነስሩ ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ ስልክዎ አዲስ ነው፤ ቪዲዮውን አምቆ የሚያሳንሰውም በአዲስ ዘዴ ነው። አሮጌ ብሮውዘር፣ ማለቴ ገጽ መክፈቻው፣ ምስሉን አይፈታውም።» ኤች 264 ወደሚባለው፣ ብዙው ማሽን ወደሚያውቀው ዘዴ መለወጥ ጀመርን። ሊያልቅ ሲል መብራት ሄደ። እንደገና። ማታ ግድም የነስሩ አሮጌ የዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ጥሩዬ ከነመደርደሪያዋ ብቅ አለች።

ማክሰኞ
ዛሬ የጋዜጣ እርማት እንደሚያይ ሰው ከማሽን ማሽን ዞርኩ።
የጽሕፈት ሱቁ ኮምፒውተር፦ ሠራ።
የእህቴ ልጅ አይፓድ፦ ሠራ።
የነስሩ ሌላው ኮምፒውተር፣ በሊኑክስ የሚሠራው፦ ባዶ።

«ለዚህኛው ዌብኤም በሚባለው ዘዴ ሌላ ቅጂ እናዘጋጅ» አለ ነስሩ። ሁለቱንም ቅጂ ገጹ ላይ አኖርን፤ ብሮውዘሩ የሚያውቀውን ራሱ ይመርጣል። ሊኑክሱም ሠራ! በቀርፋፋ የኢንተርኔት መስመር ግን ፋይሉ ሙሉ ካልወረደ አይጀምርም። ለካ ብሮውዘሩ አስቀድሞ የሚያነበው ማውጫ የተቀመጠው ፋይሉ መጨረሻ ላይ ኖሯል። ወደ ፊት አመጣነው፤ ወዲያው ጀመረ። ከሮብ ገበያ በቀር ሁሉም ቀበሌ «ታየን» ብሏል። ሮብ ገበያ ስልክ አያነሱም፤ ነገ ራሴ እሄዳለሁ።

ሮብ፣ ሮብ ገበያ
ታየ። ድምፅም፣ ምስልም፣ ጉንቁሉም። ጥሩዬ ራሷን እያየች አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። የማኅበሩ ሴቶች መደርደሪያ ለመሥራት እጅ አወጡ። ይታይሽ እጇን አላወጣችም፤ ወንበሯን ግን ወደ ስክሪኑ አስጠጋች።

«እስቲ መልሱልኝ፣ የእንጨቱን አገጣጠም ልየው።»

«ምን ያስመልስሻል?» አለች ጥሩዬ። «አጥር ለአጥር አይደለን? ነይና እቤቴ እዪው!»

«እዚህ ይሻለኛል። ይሄኛው ቁም ሲሉት ይቆማል፤ አንቺን ማን ያስቆምሻል?»

ጥሩዬ ከሁሉም በላይ ሳቀች። ምስሉን መደርደሪያው የሚታይበት ላይ ለይታይሽ አቆምኩላት። ተነሥታ ስክሪኑ ላይ እንጨቱን በስንዝር ትለካ ጀመር።