የዘርይሁን መርዶ

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ ለጋሼ ሰይፉ፣

እንደምን ሰንብተሃል? እማማስ እንዴት ናቸው፣ ዓይናቸው ተሻላቸው ወይ? እታገኝና ልጆቹስ? ያ የወገብህ ሕመምስ እንዴት አደረገህ? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ፣ ተመስገን። ልቤ ግን ደህና አይደለም።

ይህን በሰው እጅ የላክሁልህ የግቢው ስልክ ያለው እትዬ ዓለምሸት ሳሎን ስለሆነ ነው። ብቻህን ሆነህ አንብበው። ጋሼ፣ የአክስታችን የእትዬ ዓለምሸት አንድ ልጅ፣ ዘርይሁናችን አረፈ።

እንደምታውቀው ሁለታችንም ዌስተን የሚባል ሰፈር፣ ለጠላቂ ዋናተኞች የአየር ሲሊንደር የሚሞላ ሱቅ ውስጥ ነው የምንሠራው። አየሩ በብዙ ኃይል ታምቆ ስለሚገባ ብረቱ ከደከመ ሰው ይገድላል። አንገቱ ላይ የተቀረጸውን የምርመራ ቀን ሳናይ፣ ውስጡንም ለዝገት ሳንፈትሽ አንሞላም። ይህን ያስተማረኝ ራሱ ዘርይሁን ነው። ቀኑ ካለፈ ፈረንጅ ቢቆጣም ቢለማመጥም አይሞላለትም ነበር።

ያረፈበት ቅዳሜ የመጡት ግን ያገራችን ሰው፣ ትልቅ ሰው ነበሩ። ዘርይሁን እዚህ አገር ሲገባ ፓርክዴል ሰፈር ቤታቸው ተቀብለው፣ ሥራ እስኪይዝ ያበሉት እሳቸው ናቸው። ጎማ የሚነፉበትን አሮጌ ሲሊንደር ይዘው መጡ። ቀኑ አልፏል፣ አይሆንም አላቸው። «ልጄ፣ ለዛሬ ብቻ፤ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው» አሉት። ይሉኝታ ያዘው። እሳቸውን መኪናቸው ውስጥ ይጠብቁኝ ብሎ ላካቸው፤ እኔንም ውጣ አለኝ። ደጁን ሳልሻገር ፈነዳ።

ሽማግሌው እስከ ዛሬ እህል አልቀመሱም። ስማቸውን አልጽፍልህም፤ እናንተም አትጠይቁኝ።

አስከሬኑን ልንልክ ተነጋግረን ነበር። እናት ሳትረዳ ሬሳ ደጇ ማድረስ ጭካኔ ሆነብንና እዚሁ ቀበርነው። በደወልኩ ቁጥር እትዬ ድምፁን አሰማኝ ይሉኛል፣ ሥራ ገብቷል እላቸዋለሁ። ከእንግዲህ አልችልም።

ጋሼ፣ ከሌላ ሰው አፍ ሳይሰሙ የዕድሩን ሽማግሌዎች ሰብስበህ እትዬን በማለዳ አርዷቸው። መሞቱን እንጂ ምክንያቱን አትንገሩብኝ፤ ማሽን ተበላሽቶ ነው በሏቸው። ትልቅ ሰው ሲያዝህ እምቢ አትበል እያሉ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። እውነቱን ከሰሙ፣ ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ ማለታቸው አይቀርም።

ትናንት አንድ የቤተ ክርስቲያናችን አባት ቀኑ ያለፈ ሲሊንደር ይዘው መጥተው ነበር። አልሞላም አልኳቸው። አሳዳጊ የበደለው ብለውኝ ሄዱ። ይበሉኝ።

የእማማን ጉልበት ሳምልኝ። እታገኝን በጣም ሰላም በልልኝ፤ ብሩክታዊትንና ትንሹን ኖላዊን አገላብጠህ ሳምልኝ። ከካናዳ ሰው መምጣቱን ሲሰሙ እትዬ ዓለምሸት ስለ ዘርይሁን መጠየቃቸው አይቀርም። ለዛሬ ደህና ነው በላቸው፤ ይህችን አንድ ሌሊት ይተኙ።

ወንድምህ ገብረክርስቶስ
ቶሮንቶ፣ ኅዳር ፫ ቀን ፳፻፩ ዓ.ም.