በራሱ የሚከፈተው መስኮት

ይድረስ ለእናቴ፤

ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ ይንቋቋብኛል ያልሽው ተሻለሽ? መነጽርሽንስ አስጠገንሽው ወይስ አሁንም በክር እንደታሰረ ነው? እኔ ደህና ነኝ። ጠዋት ጠዋት ምግብ አልስማማ ብሎኛል እንጂ ሌላው ሰላም ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ ክበብ ዘይት ነው ብዬ አልፌዋለሁ። አማችሽም ደህና ነው። የኤሌክትሪክ ክፍል ባልደረቦቹ ግን «ደመና» የሚል ስም አውጥተውለታል፤ ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር የእሱም ፊት አብሮ ይጠቁራል። የከተማው መብራት ከፀሐይና ከነፋስ ከሆነ ወዲህ ሥራው ሰማይ ላይ ነውና አልፈርድበትም።

ባለፈው በስልክ ያልሽኝ ሲከነክነኝ ሰነበተ። መጥተሽ ከእኛ ጋር ኑሪ ብልሽ፣ «መስኮቱ በራሱ የሚከፈት ቤት ውስጥ አልተኛም» ብለሽ ዘጋሽብኝ። አልዋሽሽም፣ ተቀይሜሽ ነበር። ሕንፃውን የነደፍኩት እኔ ነኝ። ሌላው ሰው ሊያየው ይመጣል፣ የወለደችኝ ደጁን አልረግጥም ትላለች። ነቢይ በአገሩ አይከበርም ብዬ አኮረፍኩ።

መስኮቱ የሚከፈተው ለቅብጠት አልነበረም። ሊነጋ ሲል ሞተሩ ይከፍተዋል፣ ቀዝቃዛው አየር ገብቶ ወፍራሙን ግድግዳና ጣሪያ ያበርዳል፣ ፀሐይ ስትወጣ ይዘጋል። ቅዝቃዜው እስከ ማታ ይቆያል። ማታ ደግሞ ፀሐይ የለችም፣ ከተማው ሁሉ በአንድ ጊዜ ምድጃ ይለኩሳል፤ ያኔ የእኔ ሕንፃ ማቀዝቀዣ ሳያስነሳ ዝም ብሎ ያድራል። አሳቤ ይህ ነበር።

ሙቀቱ ሲመጣ ግን ሕንፃው አመል አወጣ። ቀን ኃይሉ ሲትረፈረፍ ተኝቶ ይውልና ማታ ማቀዝቀዣውን አስነስቶ ከሁሉ ጋር ኃይል ይሻማል። የቤቶች ድርጅቱ ኃላፊ አስጠርቶኝ፣ ይህ ካልተስተካከለ ቀጣዩ ሕንፃ በድሮው መንገድ ይሠራል አለኝ። ደመና ሽቦውን ሁሉ ፈተሸ፣ ምንም አላገኘም። ስለዚህ በየቤቱ እየዞርኩ ማንኳኳት ጀመርኩ።

አንዱ ቤት የመስኮቱ ክፍተት በካርቶን ተደፍኗል። ሌላው ቤት የሞተሩ ክንድ በጫማ ማሰሪያ ታስሮ፣ ሞተሩ ሲታገል ሲታገል ተቃጥሏል። ዕድሜ ልኩን ተሳፋሪው «መስኮት ዝጋ» እያለ ሲጮህበት የኖረ አንድ ጡረተኛ ሹፌር፣ ዛሬ የራሱን በሚስማር ጠርቅሞታል። ሁሉም መልሳቸው አንድ ነው፤ ንፋስ ይመታናል። እኔም ንዴቴ ጨምሮ፣ መስኮት የሚደፍን ይቀጣል የሚል ማስታወቂያ በልቤ እየጻፍኩ ወደ ላይ ወጣሁ።

መጨረሻው ፎቅ ላይ አንዲት አራስ በር ከፈተችልኝ። ስለ ግድግዳው፣ ስለ አየሩ፣ ስለ ማታው ኃይል አስረዳኋት። ልጇን አቅፋ እስክጨርስ በትዕግሥት ሰማችኝና፣

«እህቴ፣ ግድግዳው እንዲበርድ ልጄ ይብረደው?» አለችኝ።

ዓይኔ ወደ መስኮቷ ሄደ። ያረጀ ጨርቅ በቀጭኑ ተቀዶ፣ እየታጠፈ፣ በቢላ ጫፍ ወደ ክፍተቱ ተጠቅጥቋል። ልክ አንቺ እንደምታደርጊው።

ታናሼን ካጣነው ወዲህ ቤታችን ውስጥ ያልደፈንሽው ቀዳዳ አልነበረም። «ብርድ መትቶት ነው» ያልሽው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አንቺም አላነሳሽው፣ እኔም አልጠየቅኩሽ። እኔ በዚያ ክፍል ታፍኜ አደግሁና መስኮት የሚከፍት ሙያ ያዝኩ። ንፋስ የምትፈሪ ይመስለኝ ነበር፣ እማዬ። እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አራሷ ደንግጣ ውኃ አመጣችልኝ።

በማግሥቱ ጥፋቱ የሰዎቹ ሳይሆን የንድፉ ነው ብዬ ለባልደረቦቼ ተናገርኩ። ሞተሮቹን ነቀልናቸው። በኮሪደሩ በኩል ከጣሪያው ሥር ጠባብ መተንፈሻ አወጣን፤ አየሩ በዚያ ገብቶ ጣሪያውን እየዳበሰ ያልፋል እንጂ አልጋ ላይ አይወርድም። ደመና አራሷ ቤት ሻማ አብርቶ ከልጁ አልጋ አጠገብ አቆመ፣ ነበልባሉ ቀጥ ብሎ ቆመ። እሷም እጇን ከልጁ በላይ ዘርግታ ንፋስ አለመኖሩን አረጋገጠች። ከዚያ ወዲህ ሕንፃው ማታ ማታ አደብ ገዝቷል። ኃላፊው ግን ገና «እናያለን» ነው የሚለው፤ ቢያይ ባያይ እንደ በፊቱ አያስጨንቀኝም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ያንቺ ክፍል ተዘጋጅቷል። የመስኮቱ እጀታ በአልጋሽ በኩል ነው፤ አንቺ ካላዞርሽው ማንም አይከፍተውም። ከጎኑ ያለችውን ትንሿን ክፍል ደግሞ አማችሽ ቀለም እየቀባት ነው፤ ሽታው ያስመልሰኛልና አያስገባኝም። ለስንት ሰው ቤት ስነድፍ አመንትቼ አላውቅም። የዚያችን ክፍል መስኮት ግን መቼ ልክፈት፣ መቼ ልዝጋ፣ ብቻዬን መወሰን ፈራሁ። ከአንቺ በቀር የምጠይቀው ሰው የለኝም።

ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ ምርቃትሽም አይለየኝ። ስትመጪ ዕቃ አታብዢ። ቤት ያለውን ጨርቅ ሁሉ ለመስኮት ስትቀጂ ሳጥን ውስጥ ያስቀረሽው፣ ስወለድ እኔን የጠቀለልሽበት ነጩ ጨርቅ አለ አይደል? እሱን ብቻ ይዘሽልኝ ነይ።

ለመስኮቱ አይደለም።

ልጅሽ