ከጆንያው በላይ ያለው ደመወዝ

ሰኞ፣ ግንቦት 15 ቀን 1924

አሥር ብር። ወር ሙሉ አቧራ ሲቅም ከርሞ አሥር ብር። ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝና ምን እንደምል ሳይጠብቅ «መኪናዋን ልያት» ብሎ ወጣ። ፈሪ። እኔ ብሩን ደግሜ ቆጠርኩት፤ ሲቆጠር የሚበዛ መስሎኝ።

ባሌ ተሰማ ሾፌር ከሆነ ገና አንድ ወሩ ነው። አዲስ አበባ የአንድ አርመን ረዳት ሆኖ መኪና ተማረ፤ ከዚያ በፊት የአጎቱ የአያ ወልዴ በቅሎ ነጂ ነበር። አሁን የፈረንጁን ነጋዴ፣ የሙሴ ኒቆላን የጭነት መኪና ይነዳል። ጠዋት አዋሽን ተሻግሮ ዴራ ይሄዳል፣ ማታ እህል ጭኖ እዚህ አዳማ፣ ባቡር ጣቢያው ያራግፋል።

መኪናዋን እንደ በቅሎ ነው የሚያያት። «ዳማ» የሚል ስም አውጥቶላታል። ዳገት ላይ «አይዞሽ እናቴ» ይላታል አሉ። ውሃዋን ሳያይ እራቱን አይበላም። እኔ ጣውንቴ እላታለሁ፤ ይስቃል። እንዲህ ያለች ርካሽ ጣውንት ግን አይቼ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ አያ ወልዴ መጡ። በቅሎዎቻቸውን ከከተማው ዳር መስኩ ላይ አሳርፈዋል። የፊታችን ሰኞ ወደ ባሌ አገር ይነሳሉ፤ ተሰማን ይዤው ካልሄድኩ ይላሉ። የሁለት በቅሎ ጭነት ለራሱ ይሰጡታል። ባንድ መንገድ የሚያገኘው የዳማን የስንት ወር ደመወዝ ይሆናል። መልሱን እሑድ ስጡኝ አሉ። ከዚያ ሆዴን አይተው «ወንድ ነው፤ ሐምሌ መግቢያ ላይ ወንድ ታቅፊያለሽ» ብለው መረቁኝ። አሜን አልኩ። እኔም የምፈልገው ወንድ ነው።

እንግዲህ ልመዝነው። በቅሎ፦ ብር አለው፣ የሚያፈሰውን ጣራ እናሠራለን፣ ለአራስ ቤት ቅቤና በግ ይገዛል። ነገር ግን ባሌ አገር ደርሶ መልስ ሁለት ወር ነው፤ ስወልድ አይኖርም። ከዚያም ሌላ መንገድ፣ ከዚያም ሌላ። ባገባን ሰሞን ቤቴ ውስጥ ከሱ ይልቅ ኮርቻው ይታይ ነበር። መኪና፦ አሥር ብር። ግን ማታ ማታ በሩን ከፍቶ ይገባል።

በሩን ከፍቶ መግባቱ ስንት ብር እንደሚያወጣ አላውቅም። ለኔ ብዙ ነው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 16

ተናድጃለሁ። ሳልጽፈው እንቅልፍ አይወስደኝም።

እንቁላሌን ቀቅዬ ጣቢያ ወረድኩ። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ጾም የለም፤ የባቡሩ መንገደኛ በመስኮት እጁን እየዘረጋ ወሰደልኝ። ባቡሩ እንደሄደ አዴ ሎሚ መጣች። ከዴራ ቅቤ እያመጣች የምትሸጥ የአርሲ ሴት ናት፤ እንደ እናት ታየኛለች። «አካም ጅርታ፣ ኢንታላ ኮ?» ብላ፣ እንዴት ነሽ ልጄ ማለቷ ነው፣ አቀፈችኝና ባሌን ትመርቅልኝ ጀመር። ትናንትም ከነቅቤዋ ጭኖ አመጣኝ፣ የመሳፈሪያ መሐለቅ ብሰጠው እምቢ አለኝ፣ ያን ሁሉ ነጋዴ ጆንያው ላይ አስቀምጦ ከማንም አይቀበልም፣ እንዲህ ያለ ሰው የት ይገኛል ትላለች።

ሌሎቹ ሾፌሮች ይቀበላሉ ወይ አልኳት። ሳቀች። ሌሎቹማ መሐለቋን ሳያዩ እግሯን እንኳ አያስነሷትም። ጆንያው የጌታው ነው፤ ከጆንያው በላይ ያለው የሾፌሩ ነው። ይሄንን የማያውቅ የለም አለች።

የማያውቅማ አለ። እቤቴ አለ። ለካስ ሙሴ ኒቆላ አሥር ብር የሚከፍለው ቀሪውን ተሰማ ከላይ ያገኛል ብሎ ነው። የኔ ጌታ ደግሞ ቀሪውን በምርቃት ይቀበላል። በምርቃት ጣራ ቢከደን የኛ ቤት ቤተ መንግሥት በሆነ ነበር።

ረቡዕ፣ ግንቦት 17

ተጣላን። እኔ ነኝ የተጣላሁት እንጂ እሱ ዝም ብሎ ሰማኝ፤ ያ ደግሞ ይበልጥ ያናድዳል።

ሁሉንም ነገርኩት። ደነገጠ። ሌሎቹ እንደሚቀበሉ ያውቃል፣ ግን ስግብግብነት መስሎት ነበር፤ ደመወዙ ያ ገቢ ታስቦ እንደተቆረጠ አልገባውም። ከዚያ እንደፈራሁት የአያ ወልዴን ሕግ አነሳብኝ። አባቱ ከሞተ ጀምሮ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። በሲራራ ንግድ መንገድ ላይ አብሮ የሚጓዝ ሰው ቢገኝ ዋጋ አይጠየቅም፤ እሳት ያሞቁታል፣ ከወጡ ያካፍሉታል። ተሰማ ልጅ ሳለ ካንድ መንገደኛ ጨው ተቀብሎ አለንጋ ቀምሷል። «መንገደኛ የእግዜር እንግዳ ነው፤ እንግዳን ዋጋ እንዴት እጠይቃለሁ?» አለኝ።

ቁጣዬ ግማሹ እዚያው በረደ። እኔስ የወደድኩት ለዚህ አይደል? ግማሹ ግን አልበረደም። ነገ ጠይቅ አልኩት። እሺ አለ። እሺ ያለበት ድምፅ ግን አላማረኝም።

ኀሙስ፣ ግንቦት 18

አንዲት ዶሮ። የዛሬ ገቢያችን ይሄ ነው። እሷንም አንድ ሰውዬ በግድ እጁ ላይ አስይዞት ነው። እንቁላል ትጥል እንደሆነ አያለሁ፤ እስካሁን የበላችው ጥሬ ብቻ ነው።

ምን ሆንክ ስለው፣ ለመጠየቅ አፉን ከፍቶ እንደነበር ማለልኝ። ግን ሰላምታ ሳይሰጥ ገንዘብ መጠየቅ ነውር ነውና ሰላምታ ጀመረ። እንዴት ናችሁ፣ ከብቱ እንዴት ነው፣ ዝናቡ እንዴት ነው። ከብቱ ሳያልቅ አዳማ ደረሱ። ስቄ ሞትኩ። እሱም እኔ ስስቅ ጊዜ ሳቀ፤ ሆዴ ላይ እጁን አድርጎ ልጁም ይስቃል አለ።

ሳስበው፣ ይሄ ሰው መቼ ጠይቆ ያውቃል? እኔን የፈለገኝ ጊዜ ስንት ወር ሙሉ በበራችን እያለፈ አባቴን የአጽዋማትንና የበዓላትን መዋያ ይጠይቅ ነበር። መሪጌታ አባቴ እኔን ከወንዶቹ ደቀ መዛሙርት ጋር ፊደል ያስቆጠረ ሰው ነው፤ ጠያቂ ይወዳል፤ በቅሎ ነጂው ባሕረ ሐሳብ ሊማር ነው ብሎ ተደሰተ። እኔ ግን ገብቶኛል። በኋላ ሽማግሌ ላከ። በሽማግሌ አፍ ሲሆን ነገሩ ባንድ ቀን አለቀ።

ሰው ለራሱ የማይጠይቀውን ሽማግሌ ይጠይቅለታል። ይሄ ከመጣልኝ በኋላ መቀመጥ አልቻልኩም። ሕጉን ያወጣው ብቻ ነው ሕጉን ሊፈታ የሚችል።

ነጠላዬን አጣፍቼ መስኩ ላይ ወረድኩ። አያ ወልዴ የአንዷን በቅሎ የተላጠ ጀርባ እያጠቡ ነበር። ስለ ዋጋው ምንም አልነገርኳቸውም። «አያ፣ ሳያዩ አይፍረዱ፤ ቅዳሜ አብረውት ዴራ ደርሰው ይምጡና ከዚያ እንነጋገር» ብቻ አልኳቸው። በብረት ላይ ወጥቼ አላውቅም ብለው አጉረመረሙ። በመጨረሻ፣ እርጉዝ ለምና እንዴት እምቢ ይባላል ብለው ተቀበሉ። ሆዴ ዛሬ ጠቀመኝ።

ዓርብ፣ ግንቦት 19

ዛሬ አካፋ። ጥቂት ነው፣ አቧራውን ያስተኛ ያህል። ተሰማ ከሥራ ገብቶ ሰማዩን ሲያይ አመሸ፣ እኔ እሱን ሳይ አመሸሁ። ክረምት ሲገባ የዴራ መንገድ ጭቃ ይውጠዋል፤ መኪና አይሄድበትም።

ደግሞ ሌላ ፍርሃት መጣብኝ። አያ ወልዴ ያን ሁሉ ሰው በነጻ ተጭኖ ሲያዩ «ጎሽ ልጄ፣ ሕጌን ጠበቅህ» ቢሉስ? ደስ ብሏቸው ይበልጥ ቢወስዱትስ? በገዛ እጄ አስይዤ መስጠቴ ነው። ለገብርኤል ሻማ ተሳልኩ። ዶሮዋ አሁንም አልጣለችም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 20

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ማለዳ አያ ወልዴ ነጭ ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው መጡ። ከተሰማ ጎን ተቀመጡና በሩን በሁለት እጃቸው ያዙት። ተሰማ ማስነሻ ብረቱን፣ ማንቬላውን አዙሮ መኪናዋ ስትጮህ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔም ቀኑን ሙሉ እንቁላል እየላጥኩ በሐሳብ ዴራ ነበርኩ።

ጀንበር ስትጠልቅ ተመለሱ። አያ ወልዴ ገብተው መደቡ ላይ ተቀመጡ። ተሰማ ነው የነገረኝ፣ እሳቸው እየሰሙ።

የዴራ ገበያ እንደተፈታ ነጋዴው እንደ ልማዱ ጆንያው ላይ ወጣ። የቅቤ ቅል፣ የማር ጋን፣ አንድ ፍየል ጭምር። አዴ ሎሚም ነበረች። ትንሽ እንደሄዱ አያ ወልዴ እነዚህ ሰዎች ምንድን ናቸው አሉ። መንገደኞች ናቸው አላቸው። ምን ከፈሉ? ምንም፤ እርስዎ ያስተማሩኝ እንደሱ ነው።

«አቁማት» አሉ። ቆመች። ወረዱና ወደ ላይ እያዩ ለተሰማ፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርገው እንዲህ አሉ፦

«እኔ መንገደኛ ያልኩህ በእግሩ የሚሄደውን ነው። በትሩን ይዞ ከጎኔ የሚራመደውን። የነጋዴ ቅቤ በቅሎዬ ጀርባ ላይ በነጻ ጭኜ አውቃለሁ? የጫነ ይከፍላል። የበቅሎም ሕግ ይሄ ነው፣ የብረትም ሕግ ይሄ ነው።»

ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁና ዘረጉ። ማንም አልተከራከረም። እንዲያውም ሁሉም መሐለቁን ከመቀነቱ ጫፍ ቋጥሮ ይዞ ነበር፤ ጠያቂ አጥቶ እንጂ። ለፍየሉም አስከፈሉ። አንድ መነኩሴና ሕፃን ያዘለች አንዲት ድሀ ነበሩ፤ እነሱን «የእግዜር እንግዶች» ብለው ዘለሏቸው። ከእንግዲህ ሰብሳቢ አዴ ሎሚ ትሁን ተባለ። እሷ ትጠይቃለች፣ የሷ ቅቤ በነጻ ይሄዳል፣ ተሰማ መሪውን ይይዛል፤ የከብቱንም ጤና እንደፈለገ ይጠይቅ።

ይሄን ሲነግረኝ አያ ወልዴ ባርኔጣውን ጭኔ ላይ ገለበጡት። የአንድ ቀን ነው፤ የእንቁላሌን ሳምንት ያክላል። እልል ልል ነበር። ቀና ስል ግን ፊታቸውን አየሁት።

«አስካለ፣ አየሽ፣ ልጄን በገዛ ባርኔጣዬ ሸጥኩት» አሉኝ።

አውቀው ነው ያደረጉት። ባርኔጣቸውን ሲያወልቁ ተሰማን እንደሚያጡት ያውቁ ነበር፤ ትክክል ስለሆነ ግን አደረጉት። ወድጄያቸው እግራቸውን አጠብኩ። ዶሮዋን አርደን ልናበላቸው ስንል፣ ለአራስ ቤት ትቆይ ብለው ከለከሉን።

እሑድ፣ ግንቦት 21፣ ማርያም

ከቅዳሴ በኋላ ከግቢው ዛፍ ሥር ተቀመጥን። መልሱን ለመስጠት ተሰማ ጉሮሮውን ሲጠርግ አያ ወልዴ ቀደሙት። ይቅር አሉ። ሚስቱ ስትወልድ ከደጅ ይሁን፣ መኪናዋንም ይንዳ። ልቤ እፎይ ከማለቱ ግን ሌላ ነገር ጨመሩ፦

«ክረምት ሲገባ ያቺ ብረታችሁ ጭቃ ፈርታ ትተኛለች። ሙሴው ለተኛ መኪና ደመወዝ አይከፍልም። ያኔ እኔ ከባሌ አገር ተመልሻለሁ፤ የበቅሎ ኪራይም ይወደዳል። ክርስትናውን አድርሶ ይምጣልኝና መንገዱ እስኪደርቅ አብሮኝ ይሥራ።»

ምን ይባላል? ፍርዱ ልክ ነው። የተሰማም ዓይን በራ፤ በቅሎዎቹን ይወዳቸዋል፣ አጎቱንም ይወዳቸዋል፣ እኔም ይሄን ልከለክለው አልፈልግም። እሺ አልን። ተነስተው መረቁኝ፤ ወንድ ይሁን፣ እንደ አባቱ የመንገድ ሰው ይሁን። አሜን አልኩ፣ ባፌ።

እነሱ ስለ በቅሎ ጀርባ ሲያወሩ እኔ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ተመለስኩና በሴቶች በር በኩል ቆምኩ። አዋላጇ ሐምሌ መግቢያ ላይ ነው ብላኛለች። ወንድ ከሆነ ክርስትናው በአርባ ቀኑ ነው፤ ነሐሴ ሳይጋመስ ተሰማ ከቤት ይወጣል። ሴት ከሆነች ግን በሰማንያ ቀኗ ነው። ሰማንያ ቀን ጳጉሜን ይሻገራል፣ አዲሱን ዓመት ይሻገራል፣ መስቀል ሊደርስ ሲል ያበቃል። ያን ጊዜ መንገዱ ይደርቃል፣ ዳማም ትነሳለች። እስከዚያ የባርኔጣውን አጠራቅማለሁ፣ እንቁላልም እቀቅላለሁ።

ወር ሙሉ ወንድ ስጪኝ ያልኳት እመቤቴ ሳትታዘበኝ አትቀርም። እንደ ተሰማ ሰላምታ አላበዛሁም፤ ቶሎ ለመንኳት። ሴት ስጪኝ አልኳት። ለአያ ወልዴም አትንገሪያቸው አልኳት።

ስወጣ ተሰማ እጄን ያዘኝና ምን ስትለምኚ ነው እንዲህ የቆየሽው አለኝ። ስለ መንገዱ ነው አልኩት።