የሞደሙ መብራት

ይድረስ ለወንድሜ ለጥሩነህ፤ ከንፋስ መውጫ።

እንደምን ከርመሃል? እኛ ይህ ሞደም ከሚያናድደን በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን።

በቪዲዮ ስናወራ እየተቋረጠ ሲያስቸግረን ገመዱን ቀየርኩ፣ ደጋግሜ አጥፍቼ አበራሁት፣ ባለሙያም አስመጣሁ። «እቃው ጤነኛ ነው» ብሎኝ ሄደ። ጤነኛ! ለካ ከሶኬቱ የሚነቅሉት አባባ ናቸው። ትናንት እጅ ከፍንጅ ብይዛቸው «ቅዳሴው አበቃ፤ መብራቱን ላጥፋ እንጂ» አሉኝ። መቀደስ ከተዉ ስንት ዘመናቸው! አንተን ለማየት ራሳቸው ያስገቡት ሞደም መሆኑን አስረዳኋቸው። «አዎን፣ እውነትሽን ነው» ብለው ሳቁ። ዞር ስል ነቀሉት! ሰለቸኝ እኮ! አሁን ሶኬቱን በቁም ሳጥን ጋርጄዋለሁ።

ስትደውል «የማን ልጅ ነህ?» ካሉህ «የእርስዎ» በላቸው እንጂ እንዳትስቅ። ለፋሲካ እመጣለሁ ያልከውንም እስከዚያ ባታቆየው።

ዓይንህን በደህና ያሳየን።

እህትህ ውባለም