ከጡቡ ጀርባ የወጣችው ጫማ

ለምወድህ ወንድሜ ላይማን፣

እንደምን ሰነበትክ? ሚስትህ አይዳስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ያ የወገብህ ሕመም በካሊፎርኒያ ፀሐይ ተሻለህ ወይስ ዛሬም ብርቱካን ስትለቅም ያስቃስትሃል? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን። አክስታችን ኬዚያም ሰማንያ ስምንት ዓመት ሞልቷት ቅዳሜ ቅዳሜ ባቄላዋን በሸክላ ድስት መጋገሯን፣ ሰው መገሠጿንም አልተወችም።

የአያቶቻችን ቤት ነገር እንዳሳሰበህ አውቃለሁ። ቤንዚን ማደያ ሊያቆምበት የፈለገው ሰውዬ ባለቤቷን አክስታችንን ሽጭልኝ እያለ ደጅ ሲጠና፣ የመንደራችን ሴቶች ማኅበር ደግሞ «ሙዚየም እናድርገው፤ የጥንቶቹ እንዴት እንደኖሩ ልጆቻችን ይዩበት» ብሎ ለመናት። እሷም እስክትሞት በጓዳው በኩል ልትኖርበት፣ ቤቱን ለማኅበሩ ልትሰጥ ተስማማች። እፎይ አልኩ።

ታዲያ ግንበኛው የተደፈነውን ትልቁን ምድጃ ሲከፍት ከጡቡ ጀርባ አንዲት የልጅ ጫማ ወጣች፤ ቆዳዋ እንደ ቋንጣ ደርቋል። የማኅበሩ ሊቀመንበር ወይዘሮ ዊትኮም በደስታ ሊበሩ ደረሱ። «በመስታወት ሣጥን እናስቀምጣታለን!» ሲሉ አክስታችን ብድግ አለች። «ምን አልሽ? ይቺ ጫማ ክፉ ነገር በጭስ መውጫው እንዳይገባ ስትጠብቅ የኖረች ናት። ዘበኛዋን አስወጥተሽ ቤቱን ለማን ልትተዪው ነው? ካልመለስሻት ለቤንዚኑ ሰውዬ እሸጠዋለሁ!»

ወይዘሮ ዊትኮምም እልኸኛ ናቸው፤ «ግድግዳ ውስጥ ያለ ጫማ ማን ያያል?» ብለው ድርቅ አሉ። ተኳርፈው ሥራው ቆመ። የቤንዚኑ ሰውዬ ወሬው ደርሶት ኬክ ይዞ መጣ። ላይማን፣ ያን ቀን አለቀስኩ።

በመጨረሻ መላ የዘየደችው ራሷ አክስታችን ናት። «እሺ፣ አሮጊቷ ጫማ ጡረታ ትውጣ። ግን ተተኪ ሳይገባ ግድግዳው አይደፈንም፤ የሚገባውም የዚህ ቤት ልጅ የረገጠበት ጫማ ነው» አለች። እዚያ ቤት ያደገው የመጨረሻው ልጅ ደግሞ አንተ ነህ። ቆጥ ላይ ወጥቼ፣ በወንዙ በረዶ ላይ ስትንሸራተትበት አፍንጫውን የቀደድከውን ጫማህን አመጣሁ። አክስታችን አሽትታው «ይሄማ እንኳን ክፉ መንፈስ ድብም ያባርራል» ብላ ሳቀች፤ በገዛ እጇም አስገባችው። ጡቡን ያቀበሉት ወይዘሮ ዊትኮም ናቸው። ግድግዳው ተደፈነ፤ አክስታችንም ቤቱን ለማኅበሩ የምትሰጥበትን ውል ፈረመች፤ ሙዚየሙም ተከፈተ።

አይዳን በጉንጯ ሳምልኝ። ሬክስፎርድን አደግክ በልልኝ፤ ትንሿን ዊኒን አገላብጠህ ሳምልኝ። ባሌ አሞስን እልካለሁ ስላለህ ፖም ገና እንዳታመሰግነው፣ እስካሁን አልላከውም፤ ሰላም ግን ብሎሃል። አክስታችን የላከችብህ ቃል ይኸው፦ «አንዱን ጫማ ቀብሬዋለሁ። ሌላውን ደጃፍ አኑሬዋለሁ፤ ሳልሞት መጥቶ ይውሰደው።» ጎብኚዎች የሙዚየሙ ዕቃ መስሏቸው አልፈውት ይገባሉ። እሷ ግን ማታ ማታ አቧራውን ትጠርግልሃለች።

እህትህ ዶርካስ
ኮነቲከት፣ ጥቅምት ፬ ቀን ፲፱፻፳፯