አሥራ አንደኛው ነጥብ

ጥቅምት 3፣ ሰኞ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

የ9ኛ ክፍል ፈተና አርሜ ጨረስኩ። ከስልሳው ተማሪ ክፍልፋይ መደመር የሚችለው ሃያ አይሞላም። ቀዩን እስክሪብቶ ወረወርኩት። መልሼ አነሳሁት፤ ሌላ የለኝም።

ከዚያ የሳምንቱ ግምት። አምስት የኤምኤምኤ ግጥሚያ፤ ቡጢ፣ እርግጫና ትግል የተቀላቀለበት። ብራዚላዊው በዳኞች ውሳኔ ይሸነፋል። ክብደት ለመቀነስ ራሱን አድርቆ ነው የሚመጣው፤ ባለፈውም ሦስተኛው ዙር ላይ እግሩ ከድቶታል። ፖላንዳዊው በመጀመሪያው ዙር ያሸንፋል፤ ግራ እጁ ሳይታይ ነው የሚደርስ። ሌሎቹንም እንዲሁ፣ ከነምክንያታቸው።

ሉሁን ፎቶ አንስቼ ሞጣ ላክሁት፣ ለአንተነህ። ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ኳስና ኤምኤምኤ የሚያሳይ ቤት አለው። ስድስት ዓመት ሆነን፤ እኔ እገምታለሁ፣ እሱ ያትምና ግድግዳ ላይ ይለጥፋል። ሰዉ «የቢቸናው መምህር ምን አሉ?» እያለ ይገባል። ለቁማር አይደለም። ቁማርተኛ ካየ እንዲያስወጣ ነግሬዋለሁ። ሰው በልቡ መፍረዱን ትቶ በዓይኑ እንዲያይ ነው።

ደወለ። አመሰገነ። ከዚያ፣ ጋሼ፣ ኅዳር 13 እመቤት ባ/ዳር ላይ ትጋጠማለች አለኝ። ልጄ ናት። ሁለተኛ ግጥሚያዋ ነው። ሰዉ ስለ እሷ ምን እንደምትል ከአሁኑ እየጠየቀኝ ነው አለ።

አላውቅም አልኩት። በስድስት ዓመት ይህን ቃል ብዬው አላውቅም።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

የሰኔውን ነገር እስካሁን አልጻፍኩልህም። ለደብተር መናገር ያሳፍራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ ያሳፍራል።

እንዲህ ነው። እመቤት ሞጣ ውስጥ ነርስ ናት። ከተማሪነቷ ጀምሮ ቴኳንዶ ትሠራለች። ኋላ ሰይድ የሚባል፣ ከወሎ ተመድቦ የመጣ የስፖርት መ/ር፣ እዚያው ሞጣ ኤምኤምኤ ማሠልጠን ሲጀምር ወደ እሱ ዞረች። ለመጀመሪያ ግጥሚያዋ ወደ ባ/ዳር ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት፣ ተቃራኒውን መንገድ ይዛ ወደ ቢቸና መጣች። ነጠላ ለብሳለች። ተንበርክካ ጉልበቴን ሳመች። አልተነሳችም።

አይቻታለሁ። አንገቷን ደፍታ ስትጠብቅ አይቻታለሁ። ሚስቴ የሻረግ ከጓዳ ወጥታ፣ አሜን ልትል፣ በሩ ላይ ቆማለች። መንገደኛ ልጅ አባቷ እግር ስር ምን እንደምትጠብቅ የማያውቅ ሰው በዚህ አገር የለም።

እኔ ደብተሬን አነሳሁ። ተነሺ፣ ቁጭ በይ፣ ይህን ስሚ አልኳት። አሥራ አንድ ነጥብ አነበብኩላት። ለምን እንደምትሸነፍ።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት

ትናንት መቀጠል አልቻልኩም።

የሚያንገበግበኝ ነጥቦቹ ትክክል መሆናቸው ነው። 1ኛ፣ እርግጫዋ ጥሩ ነው፣ እግሯን ግን ቶሎ አትመልስም፤ ይያዛል። 4ኛ፣ መሬት ስትወድቅ ጀርባዋን ትሰጣለች። 5ኛ፣ አገጯን አትቀብርም፤ አንገቷ ክፍት ነው። እንዲህ እያለ ይወርዳል። የመጨረሻው፣ 11ኛ፣ ሲጨንቃት ዓይኗ ከተጋጣሚዋ ይነሳል፤ ከተመልካቹ መሀል ሰው ትፈልጋለች። ይህን ያገኘሁት ከቴኳንዶ ውድድሮቿ ቪዲዮ ነው። አንተነህ ይልክልኝ ነበር። አንዱም ውድድር ላይ አልተገኘሁም።

ድምዳሜ፦ ሁለተኛ ዙር፣ ከጀርባ ታንቃ እጅ ትሰጣለች።

እስከ መጨረሻው አዳመጠች። አመሰግናለሁ አባዬ አለች። ወረቀቱን ጠየቀችኝ፤ ቀድጄ ሰጠኋት። እናቷን ስማ ወጣች። እኔ ደግሞ፣ ጉድ ነው፣ የዚያኑ ቀን የሳምንቱን ሉህ ለአንተነህ ስልክለት የእሷንም ግጥሚያ ጨመርኩበት። ልጄ ስለሆነች ብዘላት አድልዎ ይሆናል ብዬ። አንተነህ እንደ ልማዱ ሳያነብ ለጠፈው። ሞጣ አነበበው።

በሁለተኛው ዙር ከጀርባ ታንቃ እጅ ሰጠች።

ሰዉ የአባቷ ቃል ነው የጣላት እያለ ነው ብሎ አንተነህ ሲደውል ጮህኩበት። ድንቁርና ነው፣ የጣላት አገጯ ነው አልኩ። ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። ለእናቷ ትደውላለች። በመጨረሻ፣ አባዬን ሰላም በይልኝ ትላለች። ለጎረቤት እንደሚባለው።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

ከአምስቱ አራቱን አገኘሁ። ብራዚላዊው እንዳልኩት ሦስተኛው ዙር ላይ ዛለ። መምህራን ማረፊያ ውስጥ ጨበጡኝ። ደስታው ቤት ድረስ እንኳ አልመጣም።

ምሳ ላይ የሻረግ ወጡን አቅርባ፣ «እስቲ ደብተርህ ምን ይላል፣ ጨው በዝቶበታል ወይስ አንሶታል?» አለችኝ። በዝቶበታል አልኩ። «ቀምሰኸው ነው?» አለች። አልቀመስኩም ነበር።

ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ተቆጣች። አንተ ሰውዬ፣ ልጄ ያን ሁሉ መንገድ የመጣችው ትሸነፍ እንደሁ ልትጠይቅህ ነበር? አለች። የማላምንበትን አልናገርም የሚል መልስ አለኝ። ሠላሳ ዓመት የኮራሁበት መልስ ነው። እንጀራ ቆርሼ ቀመስሁ።

ወጡ ጨው አንሶታል።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

የአሁኗን ተጋጣሚ ቪዲዮ አየሁ። የአዳማ ልጅ ናት። አጭር፣ ወፍራም ወገብ፣ ትግል ታውቃለች። ወገብ ከያዘች አትለቅም። ከአሥር ስድስቱን ለአዳማዋ ሰጠሁ። ይህን ያህል ጨካኝ አትሁን ብዬ ራሴን ገሠጽሁና ደግሜ አየሁ። ሰባት።

ደብተሩን ዘጋሁ።

ጥቅምት 26፣ ረቡዕ

ከዓርብ ጀምሮ ኔትወርክ የለም፤ ዛሬ ተመለሰ። ያለፈውን ሉህ አልላክሁም። ሞጣ ያለ እኔ ምን ይውጠው ይሆን ብዬ ስብሰለሰል ነበር። አንተነህ ስልኩን ሲያነሳ፣ ባክህ ጋሼ ቤቱ ሊፈርስ ነበር፣ ማን እንደሚያሸንፍ የሚያውቅ ስላልነበረ ሁሉም ይጮህ ነበር አለኝ። በደስታ ነው የነገረኝ።

ስልኩን ዘጋሁበት። ኋላ ደወልኩና ኔትወርኩ ነው አልኩት። ዋሸሁ። የማላምንበትን አልናገርም የምል ሰው!

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ፣ ሞጣ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ለለቅሶ መጣሁ። የአክስታችን ባል ነው ያረፈ። ቀብሩ ካለፈ ሳምንት ሆኖታል፤ ለመድረስ እንጂ ለመቅበር አይደለም። እውነቱን አንተ ታውቃለህ። ለቅሶው ሰበብ ነው።

ከለቅሶ ቤት ወጥቼ የሚሠለጥኑበትን አዳራሽ ፈለግሁ። አዳራሽ ይሉታል እንጂ የድሮ የእህል መጋዘን ነው። ወለሉ ላይ በሸራ የተለበጠ ፍራሽ። እመቤት የሥራ ተራዋ ስለነበረ የለችም፤ ሳላጣራ አልመጣሁም። ሰይድ ብቻውን ይጠርጋል። አይቶኝ አያውቅም፤ ግን ገና በሩ ላይ ስቆም መጥረጊያውን ጣለ። «መምህር! ይግቡ፣ ይግቡ። መልኳ እኮ ነዎት።»

ገባሁ። ወለሉ እንደማይመች፣ የመስኮቱ መስታወት ተሰብሮ ብርድ እንደሚያስገባ ነገርኩት። አዎ መምህር፣ አዎ መምህር ይላል። ከዚያ ግድግዳው ላይ ወረቀቴን አየሁት።

የሰኔው። በእጅ ጽሑፌ። አሥራ አንዱም ነጥብ።

አንደኛው ተሰርዟል፣ ከጎኑ ሐምሌ 20 ይላል። አራተኛው፣ ነሐሴ 28። አምስተኛው፣ መስከረም 30። እያንዳንዱ በቀጥታ መስመር፣ በማስመሪያ። መስመር በማስመሪያ እንዲሰመር ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ሰይድ፣ እኔ አይደለሁም ያሠለጠንኳት፣ ይህ ወረቀት ነው አለኝ። በየቀኑ ሳታነበው ልብሷን አትቀይርም አለ።

አሥራ አንደኛው አልተሰረዘም።

ጠየቅሁት። ጭንቅላቱን አከከ። «እቺን እንኳ አልቻልንም፣ መምህር። አንድ ቀን አንተነህን ወንበር ላይ አስቀመጥነውና ሲጨንቅሽ እሱን እይ አልናት። ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ታነቀች።» ሳቀ። እኔ እንዳልሳቅሁ አይቶ ተወው።

ወደ አንተነህ ቤት ሄጄ የሰኔውን ግጥሚያ ክፈትልኝ አልኩት። እስከ ዛሬ ሙሉውን አላየሁትም ነበር፤ ውጤቱን አውቄዋለሁና። ሁለተኛ ዙር። መልሰው አልኩት። እንደገና። አንገቷ ከመያዙ በፊት ዞራለች። ወደ ወንበሮቹ። የዓይን ቅጽበት ያህል፣ ከዚያ በላይ አይደለም። አንድ ረድፍ ዘለቀች፣ ሁለተኛውን ስትጀምር ተያዘች።

አገጯ አይደለም።

ተማሪ መልሱን አግኝቶ ስሌቱ ስህተት ከሆነ ዜሮ እሰጣለሁ። ሲያለቅሱ እንኳ አላሻሽልም። የሰኔው ግምቴ ዜሮ ነው። አንደኛ መሆን የነበረበትን አሥራ አንደኛ አድርጌ ጻፍሁት፤ የሷ ጉድለት ነው ብዬ ደግሞ። የምትፈልገው ሰው ቢቸና ቁጭ ብሎ ፈተና ያርማል።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ሉሁን ላክሁ። ስድስት ግጥሚያ። አምስቱ ከነምክንያታቸው። ከእመቤት ስም ፊት ባዶ።

አንተነህ ወዲያው ደወለ። ረስተሃል አለ። አልረሳሁም፣ እንዲሁ ለጥፈው አልኩት። ሰዉ ሲጠይቀኝ ምን ልበል አለ። አባቷ ወደ ባ/ዳር ሄዷል በል አልኩት።

አፍንጫውን ሲስብ ሰማሁ። ስታለቃቅስ ሉሁን እንዳታበላሸው አልኩት።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

ምርቃት ልጻፍ ብዬ ተቀመጥሁ። ሦስት መስመር ጻፍሁ፣ ሦስቱንም ሰረዝሁ። የሻረግ አይታኝ፣ ምርቃት በእስክሪብቶ! ብላ ወጣች።

አባቴ ዩኒቨርሲቲ ስገባ እጁን ራሴ ላይ ጭኖ የመረቀኝ ትዝ አለኝ። ደብተር ገልጦ አያውቅም። የምማረውን ስም እንኳ መጥራት አይችልም ነበር። ያልፍ ይሆን፣ ይወድቅ ይሆን ብሎ አላሰላም። እኔም መጀመሪያው ዓመት ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም ነበር። እንደሚያውቅ ሰው ግን አልመረቀኝም። እንደ አባት ነው የመረቀኝ።

ሂሳቡ አልተለወጠም። አሁንም ከአሥር ሰባቱ የአዳማዋ ነው። ይህን አልክድም። ነገ ግን አልጠየቅም፤ ከተጠየቅሁም አልመልስም።

ኅዳር 12፣ ዓርብ፣ ሞጣ መናኸሪያ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት

ክፍሌን ለባልደረባዬ ሰጥቼ ማለዳ ተነሳሁ። ከደብረ ወርቅ ወዲህ መንገዱ አቧራ ነው፤ ኮቴን ሦስት ጊዜ አራገፍሁ። የሚካኤል በዓል ስለሆነ መናኸሪያው በነጭ ለባሽ ተሞልቷል። ሰይድ በአራት ሰዓት እዚህ ይሳፈራሉ ብሎኛል። አራት ካምስት ሆኗል። ሰዓት የሚያከብር የለም።

ቲኬቴን ቆርጫለሁ። ነገ የት እንደምቀመጥ ለሰይድ ነግሬዋለሁ፤ የመጀመሪያው ረድፍ፣ ከእሷ ማዕዘን በስተቀኝ፣ ዳር ላይ። ፈልጋ እንዳትቸገር። ሁለተኛ ረድፍ መድረስ የለባትም።

መጡ። ሰይድ ቦርሳ ተሸክሟል። እሷ ከኋላው፣ ፀጉሯን ተጎንጉናለች። ከስታለች። ክብደት ቀንሳ ይሆናል፤ ከንፈሯ ግን አልደረቀም፣ ጥሩ ነው። ተው፣ አትቁጠር።

አየችኝ። ቆመች። ሰዉ ግራና ቀኝ ያልፋታል። ነጠላዋን እያስተካከለች ነው

ደብተሬ፣ ቆየኝ። ሁለቱንም እጄን እፈልጋቸዋለሁ