ቁልፉን ተጭኜ ሳለሁ የተናገርከው

ሮም፣ መጋቢት ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፩ ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ጋሼ ግዛቸው፣

ጤናህን ሳልጠይቅ በቀጥታ ወደ ጥፋቴ እገባለሁ፤ ሰላምታ ማብዛት ምን እንዳመጣብን ታውቃለህ። ይህን ደብዳቤ ለፖስታ አላመንኩትም። የምታደርስልህ ያችው ሣባ ናት፤ አሠሪዎቿ አዲስ አበባ ሲመላለሱ ይዘዋት ይሄዳሉ። አንብበህ ስትጨርስ አቃጥለው።

ባለፈው በእሷ እጅ የላክልኝ ወረቀት ግልጽ ነበር። ጣሪያ ውስጥ የደበቅከውን ሬዲዮ እሑድ ከምሳ በኋላ ታወጣለህ፤ የሃያ ሜትሩ ሞገድ በዚያ ሰዓት ሮም ይደርሳል። እንዳንተው የሬዲዮ ፍቅር ያለባቸው ሽማግሌው አሠሪዬ ሲኞር ኦሬስቴ በራሳቸው መሣሪያ ጥሪህን ይቀበላሉ። እኔ «ቡዎና ዶሜኒካ»፣ መልካም እሑድ፣ ብዬ ዝም እላለሁ። ስም የለም፣ አማርኛ የለም፣ ከአንድ ደቂቃ አይለፍ። «ከተያዝኩ የሚከሱኝ በስለላ ነው» የሚለውን ከሥሩ አስምረህበታል።

እሑድ ደረሰ። መጀመሪያ ሽው የሚል ድምፅ ብቻ ነበር። ከዚያ መሐል አንተ ወጣህ፤ የሲኞር ኦሬስቴን ጣቢያ በእንግሊዝኛ ፊደልና ቁጥር ትጠራለህ። ሦስት ዓመት ሙሉ ያልሰማሁት ድምፅ! ማይክሮፎኑን ከሽማግሌው እጅ ነጥቄ ቁልፉን ተጫንኩት።

«ጋሼ ግዛቸው! እንደምን ነህ? እንዴት ከርመሃል? እማማ ደህና ናት? እግሯስ? ልጆቹስ? ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ነው?»

«አበራሽ፣ ባስታ! ላሻ!» ይላሉ ሲኞር ኦሬስቴ፤ በቃ፣ ልቀቂው ማለታቸው ነው። ማን ሰምቷቸው! እኛ ሰላም ስንባባል ሁላችንም እኩል ነው የምናወራው፤ መልስ የሚጠብቅ ማን አለ? ሬዲዮ ግን ተራ ይፈልጋል፤ ቁልፉን የተጫነ ሰው ሌላውን አይሰማም። ጣቴን ሳነሳ ያው ሽውታ ብቻ ቀረ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ስምህን ለዓለም ጠራሁት።

ስድስት እሑድ ጠበቅንህ። ሲኞር ኦሬስቴ ምሳቸውን እንኳ ሬዲዮው ፊት መብላት ጀመሩ። «አሎራ፣ አበራሽ፣ ሞገዱ ተበላሽቶ ይሆናል» ይሉኛል፤ ሲዋሹ አያምርባቸውም። እኔ የሚታየኝ በሩን ሰብረው ሲወስዱህ ነው። ወንድሜን በገዛ አፌ አስበላሁት እያልኩ ሳህን ሰበርኩ፣ ሸሚዝ አቃጠልኩ። ሐሙስ ዕረፍቴ ሲሆን እንደ ልማዴ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር ሄጄ ሰዎቻችን ፊት መቀመጥ አፈርኩ።

ትናንት ለሲኞር ኦሬስቴ ከናይሮቢ ካርድ መጣ። የሬዲዮ ሰዎች የሰሙትን ጣቢያ በካርድ እንደሚያረጋግጡ ለአንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። የላኩት አንድ ኢጣሊያዊ ቄስ ናቸው፤ ያን እሑድ እዚያው ሞገድ ላይ ነበሩ። ለካ እኔ ስለፈልፍ አንተም ትናገር ነበር! እሳቸው ዘንድ ያንተ ድምፅ ጎልቶ ገብቷል። አማርኛ ስለማያውቁ ድምፁን እንደሰሙት በላቲን ፊደል ጽፈውታል።

ወጥ ቤት ቆሜ፣ እንደ ፊደል ቆጣሪ ልጅ እየተንተባተብኩ ጮክ ብዬ አነበብኩት።

«እህቴ፣ አሁን እንደማትሰሚኝ አውቃለሁ። መሣሪያውን ዛሬውኑ አፈርሰዋለሁ፤ እንግዲህ አትጥሪኝ። እማማ ደህና ናት። ናፍቀሽኛል።»

ሲኞር ኦሬስቴ ምን እንደሚል ጠየቁኝ፤ እኔ ከመጀመሪያው ደግሜ አነበብኩት። ወንበር ሳቡልኝና ድስቱን ራሳቸው ከእሳት አወረዱት።

በገዛ እጅህ የገጣጠምከውን፣ ከምግብም ከእንቅልፍም አብልጠህ የምትወደውን ነገር በእኔ ምክንያት አፈረስክ። ይቅር በለኝ። ከዚያ በኋላ ምን እንደገጠመህ አሁንም አላውቅምና ለሣባ ፊትህን ብቻ አሳያት፤ ሌላ መልስ አልፈልግም። ሁለተኛም አልጠራህም፤ በእማማ ስም ምዬልሃለሁ።

አሳደግከኝ፣ ቆነጠጥከኝ፣ አስተማርከኝ። አውሮፕላን ማረፊያ ስትሸኘኝ እንኳ ያልከኝ «ሻንጣሽን ጠብቂ» ብቻ ነበር። ካርዱ ላይ ያለውን ያንን የመጨረሻ ቃል የተነፈስከው አትሰማኝም ብለህ ነው።

ጋሼ፣ ሰምቼሃለሁ።

እህትህ አበራሽ